ባና የለበሰው ሣጥን

ባሏ ኪዳን አድርሶ ሲመለስ እንደ ልማዱ በቀጥታ ወደ ሣጥኑ ሄደ። እሷ ባናውን ተከናንባ ምድጃው ዳር ተቀምጣ ነበር። ሣጥኑ የመብረቅ ኃይል ያጠራቀሙ ብርሌዎች ያሉበት ነው፤ የስልክ ሽቦ የዘረጋው ፈረንጅ ባለሙያ ወደ ባሕር ጠረፍ ሲወርድ፣ ውሃው እንዳይጎድል፣ የደብረ ብርሃን ውርጭም እንዳያገኘው ብሎ አደራ ሰጥቶት ነበር። እሱም የቤቱን ብቸኛ ባና አለበሰው። በየማለዳው ተንበርክኮ ሁለቱን የሽቦ ጫፎች በምላሱ ይነካና፣ ቆንጠጥ ሲያደርገው ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ይላል። እሷን አይቶ እንዲያ ፈገግ ካለ ስንት ዘመኑ ነው።

ዛሬ ግን ሣጥኑ እርቃኑን ነበር። ሽቦዎቹን ቀመሰ፤ ጥቂት ጠብቆ ደግሞ ቀመሰ። አንዱ ብርሌ በውርጭ ተሰንጥቆ ውሃው ሣጥኑን አርሶታል። እሷ ቁጣውን ጠበቀች። «ሚስትህ እኔ ነኝ ወይስ እሱ?» ልትለው ቃሏን አዘጋጅታለች።

ባሏ ቀስ ብሎ መጣና ባናውን ትከሻዋ ላይ አስተካከለላት።

«ለካ በርዶሽ ኖሯል» አላት። «ምነው ሳትነግሪኝ?»

ባናው እንደታጠፈ ጥግ ላይ ነበር ያደረው፤ የለበሰችው አሁን፣ ኮቴውን ስትሰማ ነው።