የለቅሶው ፎቶ

«ጋሼ፣ ድንኳኑ ተተክሏል፤ የእህቴን ፎቶ ስጠኝ» አለችኝ የባለቤቴ እህት የውብዳር።

ባለቤቴን ስምረትን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፎቶ ሳነሳት ኖሬያለሁ። አምና ግን በሕመም ፀጉሯ ረግፎ መስኮት ሥር እንደተቀመጠች አነሳኋትና፣ ብርሃኑ ስላማረኝ፣ ሳልጠይቃት ፎቶውን ለዓለም ለቀቅሁት። አድናቆቱ ጎረፈ። እሷ በዚያው ቀን የመታየት ፈቃዷን ሰረዘች። ፈቃዱን የሰረዘ ሰው ፊት ከየትኛውም ፎቶ እንዲጠፋ በሚያዘው ሕግ መሠረት ፊቷ ከየፎቶው፣ ግድግዳችን ላይ ካለው የሠርጋችን ፎቶ ሳይቀር፣ ጠፋ።

እግሯ ላይ ወድቄ ብለምናት «ሲሻለኝ እመልሰዋለሁ» አለችኝ።

አልተሻላትም።

የውብዳር ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ስታይ ቆየች። ቀሚሷ አለ፣ ነጠላዋ አለ፣ ፊቷ የለም። በመጨረሻ አንዱ ላይ ቆመች፤ ስምረት «አታንሳኝ አልኩህ!» ብላ በመዳፏ ፊቷን የጋረደችበት። ከእሱ የሚጠፋ ፊት አልነበረም።

ድንኳኑ ውስጥ እሱን ሰቀልን። ለቀስተኛው ሁሉ በእጇ አወቃት።