የመኝታ ቤቱ ግድግዳ

«አሁንም ሞላ?» አለ አርክቴክቱ ባሏ ከኋላዋ ካለው ጠረጴዛ፣ ከስክሪኑ ቀና ሳይል። የቢሮውን ኮምፒውተሮች የምትከታተለው እሷ ነበረች፤ መጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጠው ባክአፕ ሥራቸውን በየማታው በራሱ እንዲገለብጥ ያደረገችውም እሷው። «ባለፈው ወር አይደል እንዴ ትልቁን ዲስክ የገዛነው? ምን በላው?»

«ቆይ፣ እያየሁ ነው» አለች። ዲስኩን የሞላው አንድ ፋይል ሆኖ ተገኘ፤ ለራሳቸው ሊሠሩት ያሰቡት ቤት ፕላን። አንዲት መስመር በተነካች ቁጥር ማሽኑ ሙሉውን ፋይል እንደ አዲስ ይገለብጠዋል፤ ባሏ ደግሞ በየቀኑ ሲነካካው ከርሟል። ምኑን እንደሚነካካ ለማየት የሰኞውን ቅጂ ከፈተች። ሰፊው መኝታ ቤታቸው እንደነበረ ነው። የማክሰኞውን ከፈተች። መሃል ላይ ግድግዳ ቆሞ ክፍሉን ለሁለት ከፍሎታል፤ ወዲህ አንድ ጠባብ አልጋ፣ ወዲያ አንድ ጠባብ አልጋ። ረቡዕ ግድግዳው የለም። ሐሙስ ተመልሷል። ወደ ኋላ ሄዳ ያለፈውን ወር ከፈተች፤ ያው ነው፣ ይቆማል፣ ይፈርሳል።

«ችግሩ ታወቀ?»

«ታውቋል። አንዱን ቅጂ ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ላጠፋው ነው።»

«አጥፊው እንጂ፤ እኔን ምን ታስፈቅጂኛለሽ?»

«የቱን ላስቀር? ግድግዳ ያለውን ነው የሌለውን?»

ከኋላዋ ሲንኳኳ የቆየው ኪቦርድ ቀጥ አለ። እሷም አልዞረችም።