እንጀራ እናቷ እጅጌውን ለምን አወለቀችባት?

«እጅጌው የታለ?!»

አለች የሆስፒታሉ ነርስ ኦቲሊያ።

የዘጠኝ ዓመቷ ሐሲንታ ክንዷን ደረቷ ላይ አጥፋ ተቀምጣለች። ትኩስ የበቆሎ አጥሚት ተደፍቶባት የተቃጠለው ቁስል ድኗል። ጠባሳው ግን አብጦና ተኮማትሮ ክርኗን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል።

ይህ እንዳይመጣ ነበር ሆስፒታሉ ቀንም ሌሊትም የሚጠለቅ፣ ክንድን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ተለጣጭ እጅጌ የሰጣት።

አሁን ክንዷ ላይ ያለው ግን... በእጅ የተሰፋ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነው።

«እኔ ብያለሁ!» አለች አክስቷ ዶኛ ቾሌ። «እንጀራ እናት ምንጊዜም እንጀራ እናት ናት! የወንድሜን ልጅ እጅ አሳጣቻት!»

እንጀራ እናቷ ኤውላሊያ... ዝም።

«ተናገሪ እንጂ! ምላስሽ ተቆረጠ እንዴ?»



ኦቲሊያን ግራ ያጋባት ይሄ ዝምታ ነው።

ሥራዋ የተቃጠሉ ሰዎችን ቤት ወስደው የሚያስታምሙ ቤተሰቦችን ማሠልጠን ነው። አስታማሚው ፊቷ ቆሞ ቁስሉን በገዛ እጁ ካላጠበ፣ ካልቀባ፣ ካላሰረ፣ ክንዱን ካላዘረጋ... ማንም ቢለምናት በሽተኛውን አታስወጣም።

ከሁሉም ጎበዟ ደግሞ ማን ነበረች መሰላችሁ?

ኤውላሊያ!

የውሃውን ሙቀት በክርኗ ትሞክራለች። ልጅቷ ስታለቅስ አብራ እያለቀሰች ክንዷን ትዘረጋለች። ሌሎቹ አስታማሚዎች «አንቺማ ነርስ ነሽ» ይሏት ነበር።

ታዲያ ምን ነካት?

«በሚቀጥለው ቀጠሮ እጅጌውን አጥልቃ ካልመጣች፣ ልጅቷ አክስቷ ጋ ትሄዳለች» ብሎ ሆስፒታሉ ወሰነ።

ሐሲንታ ይህን ስትሰማ የእንጀራ እናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ያዘች።

ኦቲሊያ አየቻት። የምትበደል ልጅ እንዲህ ትጣበቃለች? ደግሞስ ያ የጥጥ ስፌት... ሰነፍ ሴት እንደዚያ አድርጋ ትሰፋለች?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብላ በዕረፍት ቀኗ አውቶቡስ ተሳፈረች።

የነኤውላሊያ ከተማ ርችት ሠርቶ የሚያድር ነው። በሜክሲኮ አገር የቅዱሳን በዓል ሲመጣ ርችት ተሸክሞ በየመንገዱ የሚተኮሰው የወረቀት በሬ ከእነሱ እጅ ነው የሚወጣው።

በሩን ኤውላሊያ ከፈተች።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ... ሹራብዎን ያውልቁ።»

«ምን?»

«ካልሲዎንም። ናይለን ነው አይደል?»

ኦቲሊያ ስንቱን በሽተኛ «አውልቅ» ብላለች! በሰው ደጃፍ ቆማ ካልሲ ስታወልቅ ግን የመጀመሪያዋ ነው። ጎረቤት እየሳቀባት በባዶ እግሯ ገባች።

ገብታ... ደነገጠች።

ግማሹ ብቻ የተሠራ የወረቀት በሬ መሐል ቤት ቆሟል። ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከልጅቷ አልጋ አጠገብ... ባልዲ ሙሉ ባሩድ!

«ናይለን ሲፋተግ ብልጭ ይላል» አለች ኤውላሊያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እዚህ ሰፈር ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። የሐሲንታ እናት የሞተችው ከናይለን ሸሚዟ በተነሳ ብልጭታ ባሩድ ተቀጣጥሎ ነው፤ ልጅቷ አይታለች። እጅጌውም ናይለን ነው፤ ላጠልቅላት ስል መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። እኔም እጄ እምቢ ይለኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?!»

«ባሩድ ቤት ማስቀመጥ ክልክል ነው፣ ሲስተር። ብናገር ልጄን ይወስዱብኛል። ዝም ብልም ሊወስዱብኝ ነው። በጥጥ አጥብቄ ብሰፋው የሚሠራ መስሎኝ ነበር...»

የኦቲሊያ ዓይን እንባ ሞላ። ያን ሁሉ ስታስተምር «ገባሽ?» ብላ ጠይቃት ነበር። «ቤትሽ እንዴት ነው?» ብላ ግን አንድም ቀን አልጠየቀቻትም።

በሬው አጠገብ ቆሞ ወደነበረው ወደ ሐሲንታ አባት ዞረች።

«ዶን ናቦር፣ እጅጌው የሚያስፈራው ይሄ ባሩድ እዚህ ስላለ ነው። ከቤት ያውጡት።»

«ሲስተር፣ የምንበላው ከእሱ ነው እኮ!»

«አይሥሩ መቼ አልኩ? ከልጅዎ አልጋ አጠገብ ያንሱት ነው የምልዎት!»

የተፈቀደው የሥራ ቦታ ከከተማ ውጪ ሜዳው ላይ ነው፤ ሩቅ ነው። ዶን ናቦር ሊከራከር ሲል የልጁን የታጠፈ ክርን አየ። ባሩድ አንዴ ሚስቱን ወስዶበታል። ያንኑ ቀን ወንድሞቹን ጠርቶ ሁሉንም አስወጣ። ቤቱ ከጣሪያው እስከ ወለሉ በውሃ ታጠበ።

ሐሲንታ ግን... አሁንም እምቢ! እጅጌውን ስታይ አልጋ ሥር ገባች።

ያኔ ኤውላሊያ፣ ከተወለደች ጀምሮ ናይለን ለብሳ የማታውቀው ኤውላሊያ፣ እጅጌውን አነሳች። ራሷ አጠለቀችው። የልጅ ልክ ስለሆነ ከእጅ አንጓዋ አላለፈም። እንደዚያው ሆና ወለሉን ጠረገች፣ ምሳ በላች፣ ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች።

ሐሲንታ ዓይኗን ከዚያ እጅ ላይ አልነቀለችም።

ምንም አልሆነም።

ጥቂት ቆይታ ቀስ ብላ ከአልጋው ሥር ወጣች።

«አውልቂው» አለቻት።

«ምነው ልጄ?»

«ያንቺ አይደለም። የኔ ነው... እማ።»

ክንዷንም ክርኗ እስከፈቀደላት ድረስ ዘረጋችላት። «እማ» ብላ ስትጠራት ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ዶኛ ቾሌ ልጅቷን ልትወስድ ሻንጣ ይዛ መጣች... ሐሲንታን እጅጌዋን አጥልቃ አገኘቻትና ባዶ ሻንጣዋን እንደያዘች ተመለሰች!

ወገኖቼ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እውነት ነው። ግን ደባቂው ብቻ አይደለም ጥፋተኛው። ሳንጠይቅ የምንጮህ፣ ሳናይ የምንፈርድ እኛም ሰውን እናስደብቃለን። በሽተኛ ወደ ቤቱ ስንሸኝ መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም እንጠይቅ።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... እናንተ በኤውላሊያ ቦታ ብትሆኑ፣ ልጃችሁን የሚያስወስድ እውነት ለነርሷ ትናገሩ ነበር ወይስ ዝም ትሉ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አነባለሁ።