የምትደግፉ ቁሙ

«የምትደግፉ ቁሙ» አለ ከገዳሪፍ የመጣው የጤና ሰው ለሁለተኛ ጊዜ። በሣር ክዳኑ ራኩባ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ከተቀመጡት አሮጊቶች ግን አንዷም አልተነሳችም። ከመካከላቸው ናጂያ ምርኩዟን መሬት ላይ ተክላ ሞክራ ነበር፤ ዓምና የተሰበረው ዳሌዋ ገና ስትንቀሳቀስ ቀስፎ ያዛትና መልሶ ቁጭ አደረጋት።

ነገሩ ሳይገባቸው ቀርቶ አልነበረም። ሰውዬው «አጥንታቸው ለሳሳ ሴቶች ምርመራው በነፃ እንዲሆን ሕግ ሊወጣ ነው፣ የምትደግፉ?» ሲል ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን ያወጡት እነሱ ነበሩ። የስደተኞች ካምፑ ኮሚቴ አባል ሁዜይፋ ነው «ዛሬ የራሽን ቀን አይደለም፣ እጃችሁን አውርዱ» ብሎ የተቆጣቸው፤ በካምፑ ልማድ እጅ የሚያወጣው ራሽን ያልደረሰው ብቻ ነዋ። ከዚያ ወዲያ ድጋፉ በመቆም ይሁን ተባለ። ከኋላ የነበሩት ጎረምሶች ምን እንደተባለ እንኳ በቅጡ ሳይሰሙ ተገትረው ቆሙ።

«ወጣቶቹ ደግፈዋል» አለ ሁዜይፋ ለእንግዳው። «እናቶቻችን ግን አልፈለጉትም።»

ናጂያ ደሟ ፈላ። «አንተ ሁዜይፋ» አለች፣ «መቆም ብንችል ሕጉ ለምናችን ነበር?»

«ሐጃ፣ ሥርዓቱ ነው እኮ» ብሎ ሊያስረዳት ጀመረ። እሷ ምርኩዟን ወዲያ ጣለችና ሁለት እጆቿን እንደሚታቀፍ ሕፃን ወደ እሱ ዘረጋች።

«እንግዲያው ና» አለችው። «አንሳኝና ቁጠረኝ።»