የወንዙ ሦስተኛ መስመር

ከወረቀትዎ ጎን ይቁሙ ይሉኛል፤ ወረቀቱ ግን የእኔ አይደለም።

ፎቶ አንሺው ወደ ግራ ጠጋ ይበሉ፣ አሁን ፈገግ ይበሉ እያለ ያዝዘኛል። አስተባባሪው ትከሻዬን ይዞ ከግድግዳው ጋር ሊያጣብቀኝ ምንም አልቀረውም። የዩኒቨርሲቲውን የጃፓን ጥናት ክፍል ዓመታዊ ዝግጅት የሚመራው እሱ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈሩ ሰው የብሩሽ ጽሕፈት የሚያስተምረንም እሱ። ጠዋት ምሁራኑ ሲናገሩ አጨብጭቤ አጨብጭቤ መዳፌ ግሏል። አሁን የኤግዚቢሽኑ ተራ ነው። የተማሪዎቹም የእኛም ሥራ አንድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከጃፓን የመጣችው መምህርት በየወረቀቱ ፊት እየቆመች ከባለቤቱ ጋር ታወራለች። ቀስ እያለች ወደ እኔ እየመጣች ነው።

የጻፍኩት ወንዝ ነው። በእነሱ ጽሕፈት ወንዝ ማለት ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሦስት መስመሮች ናቸው፣ ሌላ ኮተት የለውም። እኩዮቼ ትምህርት ቤት ሲቀመጡ እኔ ወንዝ ወርጄ የሰው ልብስ ሳጥብ ነው ያደግሁት፤ ከሁሉ መርጬ እሱን ያዝኩ። ልጄ ስትሰማ ሳቋ አላስቀምጥ አላት። የራሳችንን ፊደል ሳትቆጥሪ የሰው አገር ፊደል ልትጽፊ ነው ወይ አለችኝ። አዎ፣ ምን አገባሽ አልኳት።

ለኤግዚቢሽኑ የጻፍኩት ቀን ሦስተኛውን መስመር ስስብ ቀለሙ መሃል መንገድ ላይ ከዳኝ። ብሩሹን አላነሳሁም። እየተንገጫገጨ እስከ ታች ወረደ፤ ነጩ ወረቀት በጥቁሩ መካከል እየተሰነጣጠቀ ወጣ። ልክ በጋ ሲገባ ውሃው ሳስቶ ድንጋዩ ብቅ ብቅ የሚልበትን ወንዝ መሰለ። አይቼ አልጠገብኩትም።

እዚህ የተሰቀለው ድንጋይ የለውም። ሦስተኛው መስመር ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው፣ እንደ ጠገበ እባብ ወፍሮ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ስሜ ተለጥፏል።

ይሄን ማን ነካው እላለሁ።

አስተባባሪው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ይላል። ቀለሙ አልቆብኝ ስለነበር ትንሽ እንደሞላልኝ፣ ለእንግዶቹ ብሎ እንጂ በክፋት እንዳልሆነ ያስረዳኛል። ውለታ የዋለልኝ መስሎታል። ምርቃት የሚጠብቅ ፊት ነው ያለው።

ይኸው ሰው ነው በመጀመሪያው ቀን ብሩሽ አንዴ ካለፈበት ተመልሶ አይኬድበትም ያለን። ጠማማ ከወጣ ጠማማውን ስቀሉ፣ ካልወደዳችሁት ሌላ ወረቀት አንሱ፣ መደለዝ ግን የለም ብሎናል። አንዷ ተማሪ ጫፉን ነካ ስታደርግ አይቶ ወረቀቷን ከፊቷ አንስቶ ቀዶባታል። ልጅቷ አልቅሳ ወጣች።

"የተማሪዎቹንስ ሞልተህላቸዋል?" እለዋለሁ።

"እማማ፣ እርስዎ እኮ..."

"እኔ ምን?"

አይጨርሰውም። እኔ ልጨርስለት እችላለሁ፤ ዕድሜ ልኬን ስሰማው የኖርኩት ነው። ለእሷ ይህም ይበዛባታል። ከእሷ ማን ምን ይጠብቃል።

አብራኝ የመጣችው ልጄ ከኋላ ቀሚሴን ትጎትታለች። "ተይ እማዬ፣ ሰው ያያል።"

"ይይ። ለማየት አይደል የመጣው?"

መምህርቷ ከጎኔ ካለው ጎረምሳ ወረቀት ደርሳለች። የተሳሳተበትን ቦታ በጣቷ እያሳየች ትነግረዋለች፤ እሱ እያላበው ይመልሳል። ቀናሁበት። የሳተው የራሱ ነው፤ የምትነግረውም ለእሱ ነው። እኔ ጋ ስትደርስ ግን የምታወራው ስለ አስተባባሪው እጅ ነው፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ ፈገግ ልል።

ስፒሎቹን እነቅላለሁ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ያወርዳል። ወረቀቱን ጠቅልዬ አስተባባሪው ብብት ሥር እወሽቅለታለሁ፤ ያንተ ነው፣ ቤትህ ስቀለው እለዋለሁ። አዳራሹ መሃል ብሩሽና ቀለም የተደረደረበት ጠረጴዛ አለ። ወደዚያ ስሄድ ተከትሎኝ ለመምህርቷ የተዘጋጀ ነው ይለኛል። እንግዲያው አስፈቅድልኝ እለዋለሁ።

በእነሱ ቋንቋ ይነግራታል፤ ምን ብሎ እንደነገራት እሱ ይወቅ። ባዶውን ግድግዳ ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ ከዚያ በእጇ ወንበሩን ታሳየኛለች። ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ፈገግ አላለችልኝም። ይህንን ወደድኩላት።

ሰው ይከበኛል። ልጄ ፊቷን በነጠላዋ ልትሸፍን ምንም አልቀራት። ብሩሹን እነክራለሁ። የመጀመሪያው መስመር ወረደ። ሁለተኛውም ወረደ፣ ትንሽ ጎበጥ ብሎ። ሦስተኛውን ልጀምር ስል አስተባባሪው ከጎኔ ጠጋ ብሎ ክርኔን ሊደግፍልኝ እጁን ይዘረጋል።

ብሩሹን አየር ላይ አቆመዋለሁ።

"እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት" እለዋለሁ።