ግማሽ ፈገግታ

ፀጉር አስተካካዩ የባለታክሲውን ፀጉር አጋምሷል። ሚስቱ ሕፃኑን በቀኝ ክንዷ ታቅፋ በጓዳው በር ብቅ ስትል፣ ቶንዶሱን ሳያጠፋ በመስታወቱ ውስጥ ያያታል።

«አለቃዬ መጣች» ይላል ለደንበኛው። «አሁን ደግሞ አንጋደድከው ትለኛለች።»

ሁልጊዜ የምትስቅበት ቀልድ ነው፤ ምጥ ሲጀምራት እንኳ ስቃበታለች። አሁንም ትስቃለች። ከንፈሯ ግን የሚነሳው በአንድ በኩል ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሚጠረጥረው መስታወቱን ነው። በፎጣ ይወለውለዋል። ከዚያ ዞሮ ፊት ለፊት ያያታል፤ ያው ነው።

«ራስሽን አሁንም ያምሻል?»

«ትንሽ... ከትናንት አይብስም» ትላለች። ቃሉ አፏ ውስጥ ይጎተታል።

የባሏ እናት ከኋላዋ መጥተው ሕፃኑን ይቀበሏታል። «እስቲ ሁለቱንም እጅሽን ወደ ላይ አንሺ» ይላታል ባሏ። ቀኙ ይነሳል። ግራው ትንሽ ከፍ ይልና፣ እሷ ሳታውቀው ቀስ ብሎ ይወርዳል።

«አንተ ደግሞ፣ አራስ ናት እኮ» ይላሉ እናቱ። «እንቅልፍ አጥታ ነው። ትንሽ ጋደም ትበልበት።»

ጋደም ብላ የሚለቃት ቢሆን እሱስ ምን ይፈልግ ነበር። ከሆስፒታል ሲወጡ አዋላጇ ስለ ስትሮክ ነግራቸዋለች፤ ከወለዱ በኋላም ይመጣል፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የፊት መጣመም ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት ብላለች። እሱ ግን ሴትየዋ ነገር ታበዛለች ብሎ በልቡ ስቆባት ነበር። ከተገላገለች በኋላ ምን ሊመጣ? አሁን ቶንዶሱን አጥፍቶ ያስቀምጣል።

«አትተኛም፣ እማዬ። ሆስፒታል ነው የምንሄደው።»

ባለታክሲው ጨርቁን ከአንገቱ ፈትቶ፣ ቁልፉን ይዞ ቆሟል።

«ፀጉርህስ፣ ልጄ?» ይሉታል እናቱ ግራ ገብቷቸው።

«የትም አይሄድ፣ እማማ።»

ታክሲው ውስጥ ባልየው በግራዋ በኩል ይቀመጣል። ከፊታቸው፣ ግማሹ የተላጨ ግማሹ ያልተነካ ራስ ይነዳል። አተኩራ ታየዋለች።

«አንጋደድከው» ትላለች በተኮላተፈ አንደበት።

ይስቃል፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቷል። ግራ እጇን አንስቶ መዳፉ ውስጥ ያደርገዋል።

«እስቲ እጄን ጨብጪው።»

«ጨብጬዋለሁ እኮ።»

ጣቶቿ መዳፉ ላይ እንደተዘረጉ ናቸው።

«አዎ» ይላታል፤ እጇን በሁለት እጁ አጥብቆ ይጨብጣል።