ዘበኛው ቤት ነው

የኢንሹራንስ ካሳ መርማሪዋ ጠዋት ጠዋት ላፕቶፗን የምትከፍተው የእናቷን ፊት አጥባ፣ ትራሳቸውን አስተካክላ ከጨረሰች በኋላ ነው። እናቷ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። ሌላ ልጅ ደግሞ የላቸውም። ድንበር ተሻግራ የመጣችው ለዚሁ ነው፤ ለመሥሪያ ቤቷ ግን ትንፍሽ አላለችም።

ምን ብላ ትናገር? የኢንሹራንስ ድርጅቱ ሕግ ቁርጥ ያለ ነው። ከቤት ሆኖ መሥራት ይቻላል፤ የደንበኛን ፋይል ከአገር ውጪ መክፈት ግን ወዲያው ያስባርራል። ፈቃድ ብትጠይቅ እምቢ ይሏታል፤ ከዚያ ወዲያ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አይነቅሉም። ከተባረረች ደግሞ እናቷን የሚያሳክም የለም።

መላውን ያመጣው ባሏ ነው። ሥራው ኢንተርኔት መዘርጋት ነው፤ በሙያው አይታማም። ባለፈው ዓመት የአለቃዋ ቤት መስመር አስቸግሮ ሲያስመርራት፣ «የእኔ ባል እያለልሽ!» ብላ የላከችው ራሷ ናት። አሁን ደግሞ መዳፍ የሚያክል ራውተር አምጥቶ ቪፒኤን ጫነበት። ራውተሩ እዚያው አገሯ፣ ኢንተርኔት ላይ ተሰክቶ ይቀመጣል። እሷ የትም ሆና ብትሠራ፣ ሥራዋ በእሱ በኩል ዞሮ ስለሚያልፍ፣ ለሚቆጣጠራት ሰው ከአገሯ ንቅንቅ ያላለች ይመስላል። «ዘበኛው» ብለው ስም አወጡለት።

«አደራህን» አለችው ስትሄድ። «ከዘበኛው አጠገብ አትጥፋ። እሱ ከተዘጋ አለቀልኝ።»

«እኔ ባለሁበት እሱም አለ፤ ምን አስጨነቀሽ?» አላት።

ቃሉን ጠበቀ። ዘበኛው ባንቀላፋ ቁጥር ትደውላለች፤ ስልኩ ጮኾ ሳይጨርስ ያነሳል።

«ቤት ነህ?»

«ቤት ነኝ። ቆይ ነቅዬ ልሰካው።»

ሥራዋ ይመለሳል። በቪዲዮ እንተያይ ስትለው ብቻ ያንገራግራል። «ቤታችንን ብታዪው ታለቅሻለሽ፤ ሰው የሚኖርበት አይመስልም» ይላታል። ትስቃለች። የወንድ ነገር!

እንቅልፍ የነሳቻት አለቃዋ ናት። ድሮ ሰላምታዋ እንኳ በስንት ልመና ነበር፤ አሁን በየጠዋቱ ትደውላለች።

«እንዴት አደርሽ? ቤት ነሽ?»

«ቤት ነኝ» ትላለች ካሳ መርማሪዋ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

«ጎሽ። ቢሮ ብቅ ለማለት ካሰብሽ ታዲያ ቀደም ብለሽ ንገሪኝ፤ ድንገት እንዳትመጪ።»

ምን ማለቷ ነው? ካሳ መርማሪዋ ነገሩን ስታገላብጠው ትውላለች። ስብሰባ ላይ «ካሜራ ክፈቱ!» ብላ ሌላውን ሁሉ ስታስጨንቅ እሷን ዝም ብላ ታልፋታለች። ይሄስ ደግነት ነው? አይደለም፤ አውቃብኛለች አለች በልቧ። ጥርስ ውስጥ ገብቻለሁ። የምትጠብቀው እጅ ከፍንጅ እስክትይዘኝ ነው።

እንዲህ እየተብሰለሰለች ሳለ፣ የክፍሉ ስብሰባ መሀል ዘበኛው ድርግም አለ። ላፕቶፑ ላይ ያለው ፊት ሁሉ ባለበት ደረቀ። እናቷ ከአልጋቸው ሆነው ውሃ ይላሉ፤ እሷ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ክፍሉን ትዞራለች።

«መብራት ሄደ እኮ! ምን ላድርግ?» አለ ባሏ።

እውነቱን ነው፤ ምን ያድርግ? እሷስ ከድንበር ማዶ ሆና ማንን ትለምን? ለእናቷ ውሃ ሰጠቻቸውና ቁጭ ብላ ጥፍሯን በላች። መስመሩ ሲመለስ ስብሰባው ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። የት ጠፋሽ ብትባል የምትለውን ስትፈልግ የአለቃዋ ድምፅ ቀደማት።

«ይቅርታ፣ መሀል ላይ ጥያችሁ ጠፋሁ። መብራት ሄዶብኝ ነው፤ አሁን ገና መምጣቱ ነው።»

ተመስገን! መጥፋቷን አላየችም። ካሳ መርማሪዋ እንባዋ መጣ።

«ልጄ፣ ምን ሆነሻል? ፊትሽ ጠቆረ እኮ» አሏት እናቷ።

«ምንም፣ እማዬ። ሥራ ነው።»

«እኔ ነኝ ጠፍሬ የያዝኩሽ። ባልሽንም ብቻውን ጣልሽው።»

«እሱን ተዪው። ሲደወልለት ቤት የማይጠፋ ባል የት ይገኛል?» ብላ ብርድ ልብሳቸውን ሳበችላቸው።

ማግስቱን የማታውቀው ቁጥር ደወለ።

«ከድርጅቱ የደኅንነት ክፍል ነው» አለ አንድ ጎልማሳ ድምፅ። «ሥራዎ ስለሚመጣበት መስመር የምጠይቅዎ ነገር ነበረኝ።»

አለቃዬ በመጨረሻ አሳልፋ ሰጠችኝ፣ አለች። በሩን በቀስታ ዘጋች፤ ከሥራ ስትባረር እናቷ እንዳይሰሙ።

«አይደንግጡ፤ ከአገር አልወጡም፣ ከከተማውም አልወጡም። አንድ መስመር ላይ ሁለት ሰው ስላየን ብቻ ነው። ክልክል አይደለም። አብሮዎት የሚኖር ሰው ካለ አለ ይበሉኝ፣ ጉዳዩን እዘጋዋለሁ። የለም ካሉኝ ግን ሰው ልኬ ያሉበትን ቦታ ላረጋግጥ እገደዳለሁ።»

«አለ! አለ እንጂ!» አለች፣ ትንፋሿ እየተመለሰ። «ባለቤቴ ነው። እሱም ኢንተርኔት ይጠቀማል። አንድ ቤት ነው የምንኖረው።»

ሰውዬው አቋረጣት።

«ባለቤትዎን አላልኩም፤ አለቃዎን ነው። መስመሩ የእሷ ቤት ነው።»